አንዲት ‹‹አ››

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ከነአባሪው ደርሶኛል። አባሪ ያልኩት ያንን 11 ገጽ አጭር ልብ ወለድህን ነው። ልብ ወለዱን ሁለቴ አነበብኩት፣ ደብዳቤውን አራቴ። ደብዳቤው ለምን እንደበለጠብኝ ቀስ ብዬ እነግርሃለሁ፤ አሁኑኑ ከነገርኩህ ተቀይመህ ማንበብ ታቆማለህ።

ሌሎቹ አንባቢዎቼ ግራ እንዳይጋቡ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ፈቅደህልኛል፣ ስምህንና የብሎክ ቁጥርህን ግን አውጥቻቸዋለሁ። የ41 ዓመት ሰው ነህ። ቃሊቲ አካባቢ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ተረክበህ ታስረክባለህ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይተህ ብቻህን ትኖራለህ። ከባለቤትህ ጋር ከተፋታችሁ ሦስት ዓመት አለፈ። እሷ ጀሞ ነች፣ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታከፋፍላለች። የ9 ዓመት ልጃችሁ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንተ ጋ ትውላለች። ማታ ማታ ትጽፋለህ። አሁን የሰፈራችሁ ልጆች የሥነ ጽሑፍ ምሽት ሊያዘጋጁ ነው፣ ታሪክህን መድረክ ላይ እንድታነብላቸው ጠይቀውሃል።

ጥያቄህ ሁለት ነው። ታሪኩን ከምሽቱ በፊት ለቀድሞ ባለቤቴ ልላክላት ወይ? ጓደኞችህ ‹‹ላክላት፣ አንብባ ታለቅሳለች፣ ልቧ ይመለሳል›› ብለውሃል። ሁለተኛው፣ ልቧ ከራራ በኋላ ሽማግሌ ልላክ ወይ?

ታሪኩን አትላክላት። ሽማግሌም አትላክ። ምሽቱ ላይም ይህኛውን አታንብብ። መልሴ ይኸው ነው፤ ለምን ካልክ ግን ቡናህን ይዘህ ተቀመጥ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገርህ። መጻፍ ትችላለህ። ገጽ 3 ላይ ሴትየዋ መብራት ሳይጠፋ ለመጋገር ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የምትነሳበት ቦታ አለ። ማሰሻውን ጎመን ዘር ነክራ ምጣዱን ስትዳብሰው፣ ሊጡን ከዳር ጀምራ ወደ መሀል ስታዞረው፣ ከዚያ በግራ አንጓዋ ላይ የአክንባሎው ጠርዝ የተኮሳት ጠባሳ፣ ‹‹የጥፍር ቁራጭ የምታክል›› ብለሃታል። እዚያ ላይ ወረቀቱን አስቀምጬ የራሴን አንጓ አየሁ። እንዲህ ያለ ነገር ማንም ከጭንቅላቱ አይፈጥረውም። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ ሆነህ በበሩ ክፍተት አይተሃታል። አይተሃት ደግሞ አልተነሳህም፣ እሱን ግን አልጻፍክም።

ከገጽ 4 ጀምሮ ዝናብ ይዘንባል። እስከ ገጽ 11 አላባራም። ‹‹ሰማዩም አብሮት አለቀሰ›› ይላል። ኧረ ተው ወንድሜ፣ ቱሉ ዲምቱ እየኖርክ! የእናንተ ሰፈር ዝናብ መቼ ያለቅሳል፣ ጫማ ነው የሚበላው። ያ ጥቁር አፈር እግር ይዞ አልለቅም ሲል፣ ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ጫማውን ሲጎትት፣ የታክሲው ሰልፍ ደግሞ ጥሎት ሲሄድ ስንቴ አይተሃል። እሱን ብትጽፈው ኖሮ አምንህ ነበር።

ዝናቡ ግን ትንሹ ነገር ነው። እርሳስ ይዤ ቆጠርኩ። ባለታሪክህ ስም አለው፣ እሷ የላትም፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ‹‹እሷ›› ነች። በ11 ገጽ ውስጥ አራት ጊዜ ብቻ ትናገራለች። ከአራቱ ሁለቱ ‹‹መጣህ?›› ነው፣ አንዱ ‹‹ራትህ ቀርቧል››፣ አንዱ ደግሞ ስታቃስት ነው። እሱ በበኩሉ አንድ ገጽ ተኩል ሙሉ መስኮት ላይ ቆሞ ስለ ሕይወት ያስባል። ልጅ የለም። የ9 ዓመት ልጅህ በታሪኩ ውስጥ በቀለም ጠብታ እንኳ የለችም። መጨረሻው ደግሞ፣ ሰውየው ከዓመታት በኋላ ጸጸት አንገብግቦት ጽጌረዳ ይዞ ወደ ሰፈሯ ይሄዳል፣ ደጃፏ ላይ ድንኳን ተተክሎ ያገኛል። አበባውን ጭቃው ላይ ይጥላል። አለቀ።

ገደልካት እኮ።

ሴትየዋ ጀሞ ውስጥ ቁጭ ብላ ሊጥ ታቦካለች፣ አንተ ቱሉ ዲምቱ ሆነህ ድንኳን ተከልክባት። ከአንተ ቤት ቃሊቲ፣ ከቃሊቲ በቀለበት መንገዱ ለቡን አልፎ ጀሞ፣ በሁለት ወይ በሦስት ታክሲ የሚደረስባትን ሴት። ለምን እንደገደልካት የገባኝ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም እንዲህ ያሉ ታሪኮች የሚልኩልኝ ወንዶች ሁሉ ሚስትየዋን ይገድሏታል። በካንሰር፣ በመኪና፣ በወሊድ። አንዱማ በመብረቅ ነው የጨረሳት። የሞተች ሴት አትጠይቅም። ‹‹ብሩ የታለ?›› አትልም። በሞተች ሴት ፊት መጸጸት ደግሞ ቀላል ነው፣ ታለቅሳለህ፣ ሰው ያዝንልሃል፣ ትቀመጣለህ። በሕይወት ባለች ሴት ፊት መጸጸት ግን ታክሲ ተሳፍሮ መሄድ አለው፣ በር አንኳኩቶ ‹‹ምን ፈልገህ ነው?›› መባል አለው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ደብዳቤው ከልብ ወለዱ የበለጠብኝ እዚህ ጋ ነው።

በታሪክህ ገጽ 7 ላይ እንዲህ ይላል፦ ‹‹ክፉ ቀን መጣ። ገንዘቡ ጠፋ። ፍቅራቸውም አብሮ ጠፋ።›› ሦስት ዓረፍተ ነገር። አንባቢ ምን ገንዘብ እንደሆነ አያውቅም፣ ሌባ ወሰደው፣ እሳት በላው፣ ምንም የለም። በደብዳቤህ ግን፣ ያውም በቅንፍ ውስጥ፣ ‹‹በነገራችን ላይ›› ብለህ፣ የሚከተለውን ጽፈህልኛል። ባለቤትህ ከሕንጻችሁ ሴቶች ጋር ዕቁብ ገብታ ነበር። ከእንጀራው ሽያጭ በየሳምንቱ እየቆነጠረች ከአንድ ዓመት በላይ ጣለች። ዕጣዋ ሲወጣ 60 ሺህ ብር አገኘች። አራት የኤሌክትሪክ ምጣድ ልትገዛና አንዲት ሠራተኛ ቀጥራ ሥራዋን ልታሰፋ ነበር። ብሩን በአንተ የባንክ ደብተር አስገባችው፣ ባሏ ነህና። አንተ ደግሞ ሳትነግራት ለጓደኛህ ለመኪና ንግድ አበደርከው። ጓደኛህ ከሰረ። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ‹‹ብሩስ?›› ስትልህ ‹‹ባንክ ነው፣ የምጣድ ዋጋ ይውረድ›› እያልክ አቆየሃት።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምረሃል፣ ምናልባት ምን እንደጻፍክ ሳታስተውለው። መርካቶ ሄዳ የምጣዱን ዋጋ ጠይቃ፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ ጽፋ ከበሩ ጀርባ በፕላስተር ለጥፋው ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ታየዋለህ። ስምንት ወር። ፕላስተሩ በአንድ በኩል ሲለቅ እሷ መልሳ ስትለጥፈው አይተሃል።

በኋላ ደብተሩን ከኮትህ ኪስ አገኘችው። ሒሳቡ ላይ 1 ሺህ 140 ብር ነበር። ስትጠይቅህ ጮህክባት፣ እናቷ ለጥየቃ መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ‹‹አንቺ ሊጥ ከማቡካት ሌላ ምን ታውቂያለሽ?›› አልካት። ያ ሊጥ ነው 60 ሺህ ብር ያመጣው።

ይህን ሁሉ በቅንፍ። እንዲህ ያለ ሰፊ ቅንፍ አይቼ አላውቅም፣ ቤት ሆኖ ይከራያል።

አየህ፣ አማርኛችን አንድ ነገር አለው። ‹‹ጠፋ›› እና ‹‹አጠፋሁ›› ከአንድ ሥር ነው የሚበቅሉት። ገንዘቡ ጠፋ ስትል ማንም የለበትም፣ ዶሮ እንደጠፋ ነው። ፊት ላይ አንዲት ‹‹አ›› ጨምረህ ባለቤት ስትሰጠው ‹‹አጠፋሁ›› ይሆናል። ቃሉ ደግሞ ብልጥ ነው፣ በአንድ ድንጋይ ሁለቱንም ይመታል፦ ገንዘቡን አጠፋሁ፤ እኔም አጠፋሁ፣ ማለት በደልኩ። ‹‹ጥፋቱ የማን ነው?›› የምንለው ከዚያው ነው። በ11 ገጽ ታሪክህ ውስጥ ‹‹ጠፋ›› ዘጠኝ ጊዜ አለ። ‹‹ተሰበረ››፣ ‹‹ተለያዩ››፣ ‹‹ቀዘቀዘ››፣ ‹‹ደፈረሰ›› በሽ ነው። ‹‹አጠፋሁ›› ግን አንድም ቦታ የለም። ‹‹አጠፋ›› እንኳ የለም። ለባለታሪክህም አላበደርከውም።

ስለ ሕግ ያልከውን ደግሞ ዝም ብዬ ባልፈው ደስ ባለኝ፣ ግን አንተው ነህ ያነሳኸው። ‹‹በሕግ ብሩ የጋራችን ነው፣ ስለዚህ ስርቆት አይባልም›› ብለሃል። እውነት ነው፣ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ባልና ሚስት በየግል ጥረታቸው የሚያገኙት ገቢ የጋራ ነው ይላል። ማንም ሌባ አላለህም። ግን ሕጉን ከከፈትክ አይቀር ትንሽ ዝቅ ብለህ አንብብ። ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ለማበደርም የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። 500 ብር። አንተ 60 ሺህ ነው ያበደርከው። ሕግ ጠቅሶ መከራከር እንዲህ ነው፣ አንዷን አንቀጽ ስትጎትት ሌላዋ ተከትላ ትመጣለች።

ሕጉ ሌላም ነገር ሰጥቷችሁ ነበር። ለመፋታት የቀረበ ጥንድ እንዲያስብበት ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል፣ ለእናንተም ሰጥቷል። ሦስቱን ወር ምን አደረግክ? ‹‹ትደውላለች ብዬ ጠበቅኩ፣ አልደወለችም፣ ያኔ ልቧ እንደጨከነ ገባኝ›› ብለሃል። እሷ ልትደውል? ምን ልትል?

እኔ የማላውቀውን ነገር አልመክርህም፣ ስለዚህ የራሴን ጉድ ልንገርህ። እናታችን ስትሞት የቤቱን ዕቃ እኔ ነኝ ያከፋፈልኩት። የእናታችንን ሙቀጫ ታላቅ እህቴን ሳልጠይቃት ለጎረቤት ሰጠሁት። ሙቀጫ ነው በቃ፣ ከዋንዛ የተሠራ፣ አፉ የተሸረፈ። እህቴ አኮረፈችኝ። ሁለት ዓመት ሆነ። አንድ ቀን ታላቅነቷን አስቤ ሄድኩና ‹‹ካስቀየምኩሽ ይቅርታ›› አልኳት። ጥሩ የተናገርኩ መስሎኛል፣ በታክሲ ላይ ተለማምጄዋለሁ። እሷ ቀና ብላ አየችኝና ‹‹‹ካ›ዋን ጣያትና ተመልሰሽ ነይ›› አለችኝ።

ተናድጄ ወጣሁ። አንድ ክረምት ሙሉ አልሄድኩም። ለሰው ሁሉ እህቴ ይቅርታ የማታውቅ ሴት እንደሆነች ነገርኩ። ግን ‹‹ካ›› ጆሮዬ ውስጥ ገብታ አልወጣ አለች። ካስቀየምኩሽ ማለት እኮ፣ ምናልባት አላስቀየምኩሽም ይሆናል፣ ምናልባት ችግሩ አንቺ ቶሎ የምትቀየሚ ስለሆንሽ ይሆናል ማለት ነው። መስከረም ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ‹‹ሙቀጫውን ሳልጠይቅሽ ሰጠሁት። እንደምትፈልጊው አውቅ ነበር›› አልኳት። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በቀላሉ አልኳት። ሁለተኛዋ ግን ጉሮሮዬ ላይ ቆመች፣ ምክንያቱም ዋናው ነገር እሷ ነበረች። አውቅ ነበር።

እህቴ ምንም አላለችም። ቡና ቆላች። አቦል ጠጣን፣ ቶና ጠጣን፣ በረካው ሳይደርስ ‹‹ሥራ አለብኝ›› ብላ ተነሳች። ይኸው 11 ዓመት ሆነ፣ ስሄድ አቦልና ቶና ታጠጣኛለች፣ በረካ ላይ ሁልጊዜ ሥራ አለባት። ሙቀጫው ሳይመለስ ቀርቷል፣ በረካውም እንደዚያው። አልከራከራትም።

ስለዚህ ታሪክህን ብትልክላት ምን እንደሚሆን አስበህ ታውቃለህ? ጓደኞችህ ታለቅሳለች ብለዋል። (ከመካሪዎችህ አንዱ ያው የመኪናው ጓደኛህ መሆኑን ሳነብ ቡናዬ ትን አለኝ።) እኔ ደግሞ የሚታየኝ ሌላ ነው። ከሌሊት 10 ሰዓት ጀምራ ስትጋግር የዋለች ሴት እጇን በጨርቅ ጠርጋ ወረቀቱን ትቀበላለች። ገጽ 3 ላይ ጠባሳዋን ታያለች፣ ልቧ ትንሽ ይነካል፣ ‹‹ያየኝ ነበር ለካ›› ትላለች። ገጽ 7 ላይ ‹‹ገንዘቡ ጠፋ›› ይላታል። እዚያ ጋ ወረቀቱን ታስቀምጣለች። ካላስቀመጠችም ገጽ 11 ላይ የራሷን ለቅሶ ትደርሳለች።

ደግሞ አሥራ አንድ ገጽ ሙሉ ያነበበች ሰው መልስ ትጠየቃለች። ‹‹አነበብሽው? እንዴት አየሽው?›› ልትላት ነው። ይቅርታ ለመጠየቅ ሄደህ አስተያየት ልትሰበስብ።

ምሽቱን በተመለከተ፣ ከቱሉ ዲምቱ ጀሞ ሩቅ ይመስልሃል እንጂ ወሬ ታክሲ አይጠብቅም። እንጀራ የምትጋግር፣ አንጓዋ ላይ ጠባሳ ያላት፣ ከባሏ የተለያየች ሴት። የድሮ ሕንጻችሁ ሴቶች ማን እንደሆነች ለማወቅ ገጽ 3 ይበቃቸዋል፤ የዕቁቡን ታሪክ ያውቁታል፣ አብረዋት የጣሉ ናቸው። አንተ መድረክ ላይ ቆመህ ‹‹ጠፋ›› ስትል ከኋላ አንዷ ‹‹ጠፋ ወይስ…?›› ብትል ምን ልትል ነው? ለአዘጋጆቹ ሌላ ሥራ ስጣቸው። ስለ መጋዘኑ ጻፍ። ዕቃ ሲጎድል ሰው ሁሉ እንዴት ‹‹ጎደለ›› እንደሚል ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ማንም ‹‹አጎደልኩ›› ብሎ ፈርሞልህ ያውቃል?

ሽማግሌው ደግሞ። እኔ ሽማግሌ አልጠላም። በድሮው እርቅ ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ጥፋቱን በራሱ አፍ ተናግሮ፣ ካሳ ቆርጦ ነው የሚታረቀው። ያኛውን ብትል እሺ። አሁን እኛ ሽማግሌ የምንለው ግን ሌላ ሆኗል። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ጋቢ ለብሰው ቤቷ ይገባሉ፣ እሷ ሥራዋን ትታ ቡና ታፈላለች፣ እነሱ ደግሞ በየተራ ‹‹ስለ ልጅሽ ስትይ››፣ ‹‹ስለ ፈጣሪ››፣ ‹‹የኛን ሽበት አይተሽ›› ይሏታል። አጥፊው አንተ፣ ተለማኟ እሷ፣ እምቢ ካለች ደግሞ ጨካኟ እሷ። ድንጋዩን እሷን ልታሸክማት ነው።

እና ምን ላድርግ ትላለህ።

አንድ አጭር ወረቀት ጻፍ። ልብ ወለድ አይደለም። በስልክ መልእክትም ይሁን በወረቀት ግድ የለኝም፣ ግን ከአንድ ገጽ አይለፍ። የሚከተለውን የመሰለ ነገር ይኑረው፣ ቃሉን በራስህ አድርገው፦ የዕቁብሽን 60 ሺህ ብር ሳልነግርሽ ለጓደኛዬ አበደርኩት። ስምንት ወር ባንክ ነው እያልኩ ዋሸሁሽ። የለጠፍሽውን ወረቀት በየቀኑ እያየሁ ዋሸሁሽ። በእናትሽ ፊት ሰደብኩሽ። አጠፋሁ። ብሩን እመልሳለሁ። መልስ እንድትጽፊልኝ አልጠይቅም።

በቃ። ‹‹ግን አንቺም›› የለም። ‹‹ያኔ ተጨንቄ ነበር›› የለም። ‹‹ካ›› የለችም። ‹‹እወድሻለሁ››ም አትበል፣ እሱ ሌላ ጥያቄ ነው፣ ይቅርታ ውስጥ ስትደብቀው ሒሳብ ይመስላል። ለልጅህ አስይዘህ አትላክ፣ የ9 ዓመት ልጅ ፖስታ ቤት አይደለችም። ቅዳሜ ስትመልሳት ደጃፉ ላይም አትጀምር፤ እሷ በሩን ይዛ፣ ልጅ ቦርሳዋን አንግታ፣ ጎረቤት እያለፈ፣ ሰው እንዲህ ቆሞ ምን ሊመልስ ይችላል? እናትየዋ በሕይወት ካሉ ደግሞ ለእሳቸው ለብቻ ይቅርታ አለብህ። ሶፋው ላይ ነበሩ። አንተ ረስተሃቸው ይሆናል እንጂ እሳቸው ያን ቀን አይረሱትም።

ብሩ ላይ ልጨቃጨቅህ ነው። 60 ሺህ ብር ይዘህ ሄደህ ‹‹ይኸው፣ ተወራረድን›› እንዳትል። ያኔ አራት ምጣድ የሚገዛ ገንዘብ ዛሬ አራት እንደማይገዛ ለመጋዘን ሠራተኛ አላስረዳም። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ እንኳ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከመቶ በላይ ወጥቷል፣ ዕቃውም ተከትሎታል። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከልጅህ በፊት ጠዋት መርካቶ ሂድ። የአራት ምጣድ ዋጋ ጠይቅ፣ ሁለት ሦስት ሱቅ ግባ፣ ልክ እሷ እንዳደረገችው። በወረቀት ጻፈው። አራተኛ ፎቅ ይዘኸው ውጣና ከበርህ ጀርባ ለጥፈው። ዕዳህ እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት እያየኸው ውጣ።

ትመለሳለች ወይ? ደብዳቤህ ሲያልቅ ይህን ጠይቀሃል፣ በትንሽ ጽሑፍ። አይመስለኝም፣ ወንድሜ። ልዋሽህ አልችልም። ሴትየዋ በሦስት ዓመት ውስጥ ካንተ ተለይታ ሥራዋን አቋቁማለች፣ ‹‹አሁን ሁለት ሠራተኛ አላት›› ብለህ አንተው ጽፈሃል። ምጣዶቹን ያለ አንተ ገዝታቸዋለች። ወረቀትህ ሲደርሳት ምናልባት ‹‹እሺ›› ብላ ትጽፍ ይሆናል፣ ምናልባት ምንም። ምናልባት ‹‹ጊዜው አልፏል›› ትልሃለች። በዚያ ቀን ታሪክ ለመጻፍ አትቀመጥ። ዝናቡ ተመልሶ ይመጣብሃል።

መጻፍህን ግን እንዳትተው፣ እሱን ነው የምለምንህ። ከዓመት በኋላ፣ ዕዳው ሲያልቅ፣ ያንን በር ጻፈው። ወረቀት የተለጠፈበት በር፣ አንድ ሰው በየጠዋቱ የሚያልፈው፣ አንዲት ሴት የለቀቀውን ፕላስተር በአውራ ጣቷ ስትጫን ከኋላዋ ቆሞ ጫማውን የሚያስር። ጫማውን ሲያስር ምን አለ? እሷ ዞር ብላ ‹‹ዋጋው ሳይጨምር›› ስትለው ምን መለሰላት? ሦስት ገጽ ይበቃዋል። ስም ስጣት፣ የራሷን ግን አይደለም። አትግደላት። መጨረሻው ላይ ምጣዷን ገዝታ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ትነሳ፣ ሰውየው ደግሞ እዚያ አይኑር።

ብሩን ከየት ላምጣ እንደምትለኝ አውቃለሁ፣ ደመወዝህን ጽፈህልኛል። መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ወር በወር የሚጣል ዕቁብ አለ አላልክም? ግባበት። ሁለት እጣ መግባት ከቻልክ ሁለት ግባ። ከሲጋራውም ቢሆን ቀንስ። ዕጣህ የወጣ ዕለት ብሩ ቤትህ አይደር፣ ባንክም አይደር፣ ከሰብሳቢው እጅ ተቀብለህ በዚያው በቀጥታ ለእሷ አስገባላት፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተህ ላክ፣ ምንም ጽሑፍ አታክልበት። በዚያ ቀን ጓደኛህ ከደወለ ስልኩን አታንሳ።